ፍኖተ ሰላም ላይ የሚጠገን ጥርስ

የላይኛው ሰው ሠራሽ ጥርስ ይጣበቃል። ላንቃን ስለሚሸፍን ምራቅ መጥጦ ይይዘዋል፤ ባለቤቱ ቢስቅም ቢያዛጋም ከቦታው አይነቃነቅም። የታችኛው ግን የፈረስ ኮቴ የመሰለ ቀጭን ነገር ነው። የሚይዘው ላንቃ የለም። መሀሉ ላይ ምላስ አለ፣ ዙሪያውን ከንፈርና ጉንጭ አለ፣ ሁሉም ይንቀሳቀሳሉ። ስለዚህ ይዋኛል። ላብራቶሪ ውስጥም የምንለው እንደዚያው ነው፦ "የታችኛው እየዋኘባቸው ነው።"

እናቴ የታችኛውን ጥርሷን የምታደርገው ቤተ ክርስቲያን ስትስም፣ ለቅሶ ስትደርስና እኛ ካሜራ ስናወጣ ብቻ ነበር። ምግብ ሲቀርብ ዞር ብላ ታወልቀውና በነጠላዋ ጫፍ ትቋጥረዋለች። ሰው ጥርስ የሚያሠራው ሊበላበት ነው፤ እሷ ዘንድ ነገሩ ተገልብጦ ለመታየት የሚደረግ፣ ለመብላት የሚወልቅ ሆነ። አማርኛም አያግዛትም። ጠ፣ ጨ፣ ጸ አየሩን አምቀው የሚለቁት በአንዴ ነው፤ "ጨው አቀብሉኝ" ስትል ጥርሱ ከድዷ ላይ ብድግ ይላል። ቀስ በቀስ ንግግሯ አጠረ። ማኅበር ላይ ሰው ከቧት የምታወራ ሴት ራሷን በመነቅነቅ ብቻ መመለስ ጀመረች።

ወንድሜ የሚኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። በቪዲዮ ሲያወራት አፏን በእጇ ሸፍና ስትመልስለት አየና በማግስቱ ደወለልኝ። "ኢምፕላንት ትተከል፣ ገንዘቡን እኔ እልካለሁ። ዚርኮኒያ ይሁንላት። ምርጡ እሱ ነው።"

እኔ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የጥርስ ላብራቶሪ ቴክኒሻን ነኝ። ሐኪሙ የአፍ ልክ ይልክልኛል፣ እኔ ጥርሱን ሠርቼ እመልሳለሁ። ዚርኮኒያ በየቀኑ በእጄ ያልፋል። ቲክቶክ ላይ "ሆሊውድ ስማይል" እየተባለ የሚታየው ነጭ ጥርስ ብዙ ጊዜ እሱ ነው ወይ ዘመዱ ነው። እናቴ ግን የምትኖረው ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሲኬድ ከአስፋልቱ ወርዶ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ላይ ነው። "ምርጡ የቱ ነው?" የሚለው ጥያቄ እዚያ ሲደርስ መልኩን ይቀይራል። ይህን የምጽፈው ለምን ዚርኮኒያ እንዳልሆነላት ለማስረዳት ነው፤ በከፊል ለወንድሜ፣ በከፊል ደግሞ "ለእናቴ የቱን ላሠራላት?" እያላችሁ ኢንቦክስ ለምትጠይቁኝ።

ከአጥንቱ ልጀምር። ጥርስ ሲነቀል ይዞት የነበረው አጥንት ሥራ ይፈታል፤ ሥራ የፈታ አጥንት ደግሞ እየሟሟ ይሄዳል። አንትየ ታልግረን የተባሉ ተመራማሪ ጥርስ አልባ ሰዎችን እስከ 25 ዓመት ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተሙት ጥናት፣ የታችኛው መንጋጋ አጥንት ከላይኛው በአራት እጥፍ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይተዋል። እናቴ ላይ የሆነው ይኸው ነው። የታች ጥርሶቿ ካለቁ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗል፤ ጥርሱን መሸከም የነበረበት ጉብታ ሜዳ ሆኗል። ዘመድ ሁሉ "በአዲስ ሥሪላት እንጂ፣ ሥራሽ አይደል?" ይለኛል። ሦስት ጊዜ ሠርቼላታለሁ። ሜዳ ላይ ድንኳን ያለ ካስማ አይቆምም።

ካስማው ኢምፕላንት ነው፤ አጥንት ውስጥ የሚገባ የቲታኒየም ብሎን። ቲታኒየም ከአጥንት ጋር እንደሚዋሃድ የደረሱበት ስዊድናዊው ፔር ኢንግቫር ብሮነማርክ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ጥንቸል አጥንት ውስጥ ያስገቡትን የቲታኒየም መሣሪያ መልሰው ሊያወጡት ሲሉ አልላቀቅ አላቸው፤ ነገሩ ከዚያ ተጀመረ። በ1965 የመጀመሪያው ታካሚ የሆነው የስታ ላርሰን የተተከለለት የታችኛው መንጋጋው ላይ ነው። በ2006 እስኪሞት ድረስ፣ ከ40 ዓመት በላይ፣ ኢምፕላንቶቹ አብረውት ነበሩ። የታችኛው መንጋጋ ለዚህ ይመቻል። ከፊት በኩል፣ አገጭ አካባቢ፣ አጥንቱ ጠንካራ ነው። ግራና ቀኝ ወደ ከንፈር የሚወጣ ነርቭ አለ፤ በሁለቱ ነርቮች መካከል ግን ብዙ ሥጋት የለም። ፖርቱጋላዊው ፓውሎ ማሎ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ሥራ ያሳዩት ዘዴ፣ አራት ኢምፕላንት እዚያ ተክሎ፣ የኋለኞቹን ሁለቱን ጋደም አድርጎ፣ ሙሉ የታችኛውን ረድፍ መሸከም ነው። የዛሬው "ኦል ኦን ፎር" እሱ ነው።

እስከዚህ ድረስ እኔና ወንድሜ አልተጣላንም። ክርክሩ ካስማዎቹ ላይ በብሎን የሚታሰረው ድልድይ፣ ከ10 እስከ 12 ጥርስ ያለው ማለት ነው፣ ከምን ይሠራ የሚለው ነው።

ዚርኮኒያን በፍቅር ነው የማውቀው። ሲመጣ እንደ ጠመኔ ነጭና ለስላሳ ድስክ ነው። ማሽኑ ይጠርበዋል፤ የሚጠርበው ግን ከልኩ ከ20 እስከ 25 በመቶ አስበልጦ ነው፣ ምክንያቱም ወደ 1,500 ዲግሪ በሚደርስ ምድጃ ሲጋገር ይሰበሰባል። ሲወጣ ጣት ላይ ይከብዳል፤ በተመሳሳይ መጠን ከአክሪሊክ አምስት እጥፍ ነው። አያልቅም፣ ቡና አይዘውም፣ የበርበሬ ቀለም አይገባበትም፣ ሽታ አያምቅም። ቀጭን ሆኖ ሊሠራ ስለሚችል አፍ ውስጥ ቦታ ለጠበበበት ሰው በረከት ነው። ያለ ተደራቢ ሸክላ፣ ሙሉውን ከአንድ ቁራጭ ሲሠራ መሸረፉም ጥቂት ነው። ወንድሜ ያነበበው ይሄን ነው፤ ያነበበውም ልክ ነው።

ሁለተኛው የቆየው መንገድ ነው፦ ከውስጥ የብረት አጥንት፣ ከላይ አክሪሊክ ድድና አክሪሊክ ጥርስ። በብሮነማርክ ዘመን ብረቱ የወርቅ ቅይጥ ነበር፤ ዛሬ ቲታኒየም ነው ወይም ክሮም ኮባልት። ክሮም ኮባልት ይረክሳል፣ ግን ይከብዳል፤ ቀልጦ ሲፈስ ደግሞ ረጅም ድልድይ ላይ መጣመም ይወዳል። ስለዚህ በማሽን የተጠረበ ቲታኒየም እመርጣለሁ። የዚህ አሠራር ድክመት ሁሉም ሰው የሚያውቀው ነው። አክሪሊክ ጥርስ ያልቃል። ይሸረፋል። አንዳንዴ ጥርሱ እንዳለ ከድዱ ተነቅሎ ይወጣል። ከዓመታት በኋላ ጥርሶቹን በሙሉ አንስቶ በአዲስ መተካት ግድ ይሆናል፤ የብረት አጥንቱ ግን ይቀጥላል። ቦታም ይፈልጋል፣ ከአጥንቱ ጫፍ እስከ ላይኛው ጥርስ ወደ 15 ሚሊ ሜትር። እናቴ በዚህ አልተቸገረችም፤ አጥንቷ ስላለቀ ቦታው ሞልቷል። ጉዳቷ አንዴ እንኳን ጠቀማት።

ፒክ የሚባል ፕላስቲክም አለ፤ ቀላል ነው፣ አጥንት በሚታጠፍበት መጠን ለመታጠፍ ከብረትም ከሸክላም የቀረበ ነው። የዕድሜ ምስክር ግን ገና አልሰበሰበም። ሻጮቹ ያመጡልኝን ናሙና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬ ወረቀት እጫንበታለሁ።

ስለ መታጠፍ ካነሳሁ አይቀር፣ የታችኛው መንጋጋ ከላይኛው የሚለይበት አንድ ነገር አለ። አፋችሁን በሰፊው ስትከፍቱ መንጋጋችሁ ይጠባል። ጡንቻዎቹ ግራና ቀኙን ወደ ውስጥ ይስቡታል፤ ልዩነቱ የሚሊ ሜትር ክፋይ ነው፣ ለዓይን አይታይም። የላይኛው ከራስ ቅል ጋር የተያያዘ ስለሆነ እንዲህ አያደርግም። አራቱ ኢምፕላንቶች ሁሉም ከፊት ከሆኑ ይሄ ብዙ አያስጨንቅም፤ የሚታጠፈው ከኋላቸው ነው። ከወንድሜ ጓደኞች አንዱ ግን ቱርክ ሄዶ ያሠራውን እያሳየ "ስድስት ይተከልላት፣ እስከ መጨረሻው መንጋጋ ድረስ፣ በአንድ ወጥ ዚርኮኒያ" ብሎት ነበር። ዚርኮኒያ ለመታጠፍ ከአጥንት ከአሥር እጥፍ በላይ እምቢተኛ ነው። ግራና ቀኝ የኋለኛ መንጋጋ ላይ ታስሮ አጥንቱ ልጠፍ ሲል እሱ አልጠፍም ይላል፤ ጭንቀቱን ብሎኖቹና ኢምፕላንቶቹ ይከፍሉታል። ለዚህ ነው አንዳንድ ሐኪሞች እንዲህ ያለውን ድልድይ መሀሉ ላይ ለሁለት የሚከፍሉት። ማስታወቂያው ላይ ይሄ የለም።

አሁን ወደ አገሩ ልመለስ። ምዕራብ ጎጃም የበቆሎ፣ የዳጉሳ፣ የጤፍና የበርበሬ አገር ነው። እህሉ የሚወቃው አውድማ ላይ ነው፤ በበሬ ይሄዳል፣ በመንሽ ይመናል፣ በሰፌድ ይነፋል፣ ይለቀማል። እንዲያም ሆኖ ጠጠር ያመልጣል። ቆሎ ውስጥ ያመለጠ ጠጠር ስንት ጥርስ እንደጨረሰ የጎጃም ሰው ይጠየቅ። የተፈጥሮ ጥርስ ሥሩ ዙሪያ ስሜት ያለው ስስ ጅማት አለው፤ ጠጠሩን ገና ሲነካ "አቁም" ይላል። ኢምፕላንት ያ ጅማት የለውም። አጥንት ውስጥ የተቸነከረ ብሎን ነው፤ ዘግይቶ ነው የሚሰማው። ኢምፕላንት ያለው ሰው ጠጠር ላይ የሚነክሰው ሙሉ ጉልበቱን ለቆ ነው። አንድ ነገር መሸነፍ አለበት። አክሪሊክ ጥርስ ይሸነፋል፣ ይሸረፋል። ዚርኮኒያ አብዛኛውን ጊዜ ያሸንፋል፤ ግን ፊት ለፊቱ ያለው የእናቴ የላይኛው ጥርስ ራሱ አክሪሊክ ነው፣ ተነቃይ ነው፣ ዱላውን የሚቀበለው እሱና ከእሱ በታች ያለው ድዷ ነው። ዚርኮኒያው የተሸነፈ ቀን ደግሞ የሚሸነፈው በሙሉ ነው። የተሰነጠቀ ዚርኮኒያ አይለጠፍም፤ ከአዲስ መጠረብ፣ ከአዲስ መጋገር ነው።

አጎቴ ገበሬ ነው። እሱ ዘንድ ይሄ ነገር አዲስ አይደለም። የማረሻው ጫፍ ሲደንዝ ቀጥቃጭ ጋ ወስዶ ያስመታዋል። ድግሩ ደግሞ እንጨት ነው፤ አፈሩን እየገፋ ያልቃል፣ ሲያልቅ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሌላ ይጠርባል። ድግርን ከብረት ማሠራት ይቻል እንደሆነ ጠይቄው "ይቻላል፤ ከዚያ የተሰበረ ቀን ክረምቱ ያልፍሻል" አለኝ። ላብራቶሪ ውስጥ በእንግሊዝኛ መጽሐፍ የተማርነው "መጠገን የሚችል አሠራር" የሚለው ምዕራፍ ከዚህ ብዙም አይበልጥም።

ክረምቱ ያልፍሻል ማለት ለእናቴ ምን ማለት ነው? ከአዲስ አበባ እስከ ፍኖተ ሰላም ወደ 390 ኪሎ ሜትር ነው፤ ጎሐ ጽዮን፣ ዓባይ በረሃ፣ ደጀን፣ ደብረ ማርቆስ፣ ደምበጫ። በደህናው ጊዜ የአንድ ቀን መንገድ ነው። ደህናው ጊዜ ግን ቆይቷል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ያ መንገድ ሲዘጋና ሲከፈት ነው የኖረው። ስሟ "የሰላም መንገድ" የሆነች ከተማ ነሐሴ 7 ቀን 2015 ከአየር ተመትታ ሰው አልቆባታል። ኢንተርኔት ጠፍቶ በነበረበት ጊዜ እናቴ ደህና መሆኗን የምሰማው ቡሬ ወጥቶ ከሚደውል ሰው ነበር። እንዲህ ባለ አገር "በየስድስት ወሩ ለክትትል ትምጣ" ብሎ ካርድ መስጠት ቀልድ ነው። የዚርኮኒያ ፋይሏ አዲስ አበባ ኮምፒውተር ውስጥ አለ፣ ማሽኑ አለ፣ ምድጃው አለ፤ እሷ የለችም። አዲስ አበባም ቢሆን ምድጃው ለሰዓታት ሲጋገር መብራት ከጠፋ ያው ነው። ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ድረስ ስንቴ ልቤ እንደቆመ እኔ ነኝ የማውቀው።

አክሪሊክ ግን ዱቄትና ፈሳሽ ነው። ሁለቱን አደባልቆ ደቂቃዎች መጠበቅ ነው። ተነቃይ ጥርስ የሚጠግን ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ ክፍለ ከተማ ሳይሆን ወረዳ ድረስ አለ። መንገዱ ቢዘጋ በእግር የሚደረስበት ሰው አለ ማለት ነው።

ሌላ ሦስተኛ አማራጭ ነበር፣ እሱን ሳልጠቅስ ባልፍ ሙያዬን እበድላለሁ። እ.ኤ.አ. በ2002 ካናዳ ማክጊል ዩኒቨርሲቲ የተሰበሰቡ ባለሙያዎች፣ ለጥርስ አልባ የታችኛው መንጋጋ የመጀመሪያ ምርጫ መሆን ያለበት ሕክምና በሁለት ኢምፕላንት ላይ በቁልፍ የሚያዝ ተነቃይ ጥርስ ነው ብለው ተስማምተዋል። ቁልፉ እንደ ልብስ ቁልፍ ጭብጥ ይላል። ውስጡ ያለችው ትንሽ የናይለን ቀለበት ስታልቅ በደቂቃ ትቀየራለች። ዋጋውም ይቀላል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ በዶላር የሚገባ ብሎን ሁሉ እጥፍና ከዚያ በላይ ሆኗልና፣ ወንድም ውጭ ለሌለው ሰው ከአራት ሁለት ይሻላል። እኔ በሆዴ ይሄን ነበር የያዝኩት።

በጥር 2017 መንገዱ ሲከፈት እናቴ መጣች። ሦስቱንም ናሙና ጠረጴዛ ላይ ደረደርኩላት። ተነቃዩን አየችው፣ በቁልፉ አስገብታ አወጣችው፣ ወደኔ ገፋችው።

"የሚወልቅ ነገር በቃኝ ልጄ።"

ዚርኮኒያውን አነሳች። በጥፍሯ መታ መታ አደረገችው፤ ቀጥላ በስኒዋ ጠርዝ ነካችው። ቂል አለ።

"ሸክላ ነው?"

"የሸክላ ዘር ነው እማ። ግን ከሸክላ ሁሉ የጠነከረ ነው።"

"ጀበናም ጠንካራ ነው፣ እስኪወድቅ። ይሄ ቢሰበር ማን ይሠራዋል?"

"እኔ። እዚህ።"

"ይሄኛውስ?" አክሪሊኩን ይዛለች።

"እሱን ፍኖተ ሰላም ይሠሩታል። ቡሬም ባሕር ዳርም ይሠሩታል። ግን ቶሎ ቶሎ ይሸረፋል፣ ቀለምም ይይዛል።"

"እኔስ አልተሸረፍኩም?" ብላ ሳቀች፤ እጇን አፏ ላይ ሳታደርግ የሳቀችው ያኔ ነው።

ማታ ለወንድሜ ደወልኩለት። ተናደደ። "ለእሷ ሲሆን ርካሹን?" አለኝ። ቲታኒየሙ በማሽን ሲጠረብ ርካሽ እንዳልሆነ ነገርኩት፤ የተናደደው ግን ስለ ዋጋ አልነበረም። ሰባት ዓመት ሙሉ ያላያትን እናቱን ባለው ነገር ሁሉ ምርጡን ሊያደርግላት ነው የፈለገው፤ እኔ ደግሞ የምጠገን ነገር ይሻላታል እላለሁ። እሱ ባለበት አገር ነገር ሲሰበር ይቀየራል። "አንቺ እኮ ቀድመሽ እንደሚሰበር ወስነሻል" አለኝ። አዎ ወስኛለሁ። ሥራዬ ነው።

ኢምፕላንቶቹ በየካቲት ተተከሉ፤ የዚያኑ ዕለት ጊዜያዊ ድልድይ ታሰረላት። ሐኪሙ ለሦስት ወር ለስላሳ ምግብ ብቻ ሲላት ዐቢይ ጾም መግቢያው ነበር። "አንተ ባትለኝም ሽሮ ፍትፍት ነው የምበላው" አለችው። በፋሲካ ዶሮው ሲወጣ መረቁን ብቻ ጠጥታ ሥጋውን ለእኔ ስታጎርሰኝ ግን ቅር እንዳላት አየሁ።

ቋሚውን ስሠራ ያልጠበቅሁት ሥራ የመጣው ከድዱ ነው። እናቴ ድዷን ተነቅሳለች። ልጅ ሆና፣ ሳትዳር፣ በመርፌ እየተወጋ ጥቀርሻ የተቀባ ንቅሳት ነው፤ ጥርስ ጎልቶ እንዲነጣ። ጥርሱ አለቀ፣ አጥንቱ ሟሟ፣ ንቅሳቱ ግን እንዳለ አለ። ከውጭ የሚመጣው አክሪሊክ ድድ ደግሞ ሮዝ ነው፤ የሕፃን ተረከዝ የመሰለ ሮዝ። ሰው ሲያረጅ የላይኛው ከንፈር ይወርድና ሲያወራ የሚታየው የታችኛው ጥርስ ነው። እናቴ በጥቁር ሰማያዊ ድድ ላይ ሮዝ አጥር ተደርጎላት ማኅበር ልትሄድ አይደለም። ቡናማና ሰማያዊ ቀለም ከአክሪሊኩ ዱቄት ጋር እያደባለቅሁ አራት ናሙና ሠራሁ። አራተኛውን ከንፈሯን ገልጣ በመስታወት አየችና "የንቅሳቱን ጫፍ ትንሽ አውርጂው፣ ድሮ እስከዚህ ነበር" አለችኝ። አወረድኩት። ዚርኮኒያም ቀለም ይቀባል፣ ግን መስታወት ይዛ "ትንሽ ዝቅ" እያለች አጠገቤ ተቀምጣ የምታርመው ዓይነት አይደለም፤ እያንዳንዱ እርማት ወደ ምድጃ ተመላሽ ነው።

በሰኔ ወደ አገሯ ስትመለስ አንድ ትንሽ ቦርሳ አስያዝኳት። ውስጡ የድልድዩን ብሎኖች የምትፈታው ትንሽ ካቻቪቴ፣ አራት መለዋወጫ ብሎን፣ ስድስት መለዋወጫ ጥርስ፣ የኢምፕላንቱ ዓይነትና ልክ እንዲሁም ብሎኑ ስንት ድረስ እንደሚጠብቅ የተጻፈበት በፕላስቲክ የተሸፈነ ወረቀት አለ። ኢምፕላንት ላለው ወላጅ ይሄን ወረቀት ከሐኪሙ ተቀበሉ፤ ከዚርኮኒያና ከአክሪሊክ ምርጫ በፊት እሱን ጠይቁ። የብሎን ጭንቅላት እንደ መኪና ጎማ ብሎን ነው፣ የአንዱ ቁልፍ ለሌላው አይገባም፤ ጥሩ ሐኪም አግኝተው ቁልፍ አጥተው የተመለሱ ሰዎች አውቃለሁ። ከድልድዩ ሥር የሚያጸዳ ክርም ሰጥቻት ነበር፣ አለቀባት። መፋቂያ እዚያ ውስጥ አይደርስም። አሁን ራሷ የፈተለችውን ጥጥ ደርባ፣ ሰም አሽታ፣ በእሱ ነው የምታጸዳው። ሐኪሙ ሲሰማ ጭራው እንዳይቀር ትጠንቀቅ እንጂ ይሁን ብሏል። ከድልድዩ ሥር የሚከማች ቆሻሻ ድዱን አቁስሎ ኢምፕላንቱን እስከ ማጣት ያደርሳልና፣ ከምንም በላይ የምነዘንዛት በእሱ ነው።

በኅዳር፣ አዲስ እህል በገባ ሰሞን፣ ስልኬ ጮኸ።

"አንዷ ወጣች" አለች።

"ምን ወጣች?"

"ጥርሷ ነዋ። ቆሎ ውስጥ ጠጠር ነበር። በነጠላዬ ቋጥሬያታለሁ።"

ያን ሳምንት መኪና አይንቀሳቀስም ነበር። አጎቴ በበቅሎ ፍኖተ ሰላም አደረሳት። እዚያ ያለው ባለሙያ ኢምፕላንት ሲያስተክል አላየሁም ብሎ መጀመሪያ ፈርቶ ነበር፤ ወረቀቱን በስልክ አነበብኩለት፣ ካቻቪቴውን አወጣች፣ ድልድዩን ፈታው። ከዚያ በኋላ ያለው እሱ በየሳምንቱ የሚሠራው ሥራ ነው። የተነቀለችውን ጥርስ በአክሪሊክ መልሶ ለጠፈ፣ አሳመረ፣ አሰረ። የተሠራበት አክሪሊክ ሮዝ ነው። የላከልኝ ፎቶ ላይ፣ እኔ አራት ጊዜ ደባልቄ ካገኘሁት ጥቁር ሰማያዊ መሀል፣ ጥፍር የምታህል ሮዝ ነጥብ ትታያለች።

ፎቶውን ለወንድሜ ላክሁት። ረጅም ሰዓት ዝም ብሎ ቆየና "ቀለሟ አልገጠመም" ብሎ ጻፈ። እሷን ጠየቅኋት፤ ስትመጪ ላስተካክልሽ አልኳት። አትንኪብኝ አለች። ማኅበርተኞቿ ሲያዩዋት ይቺ ምንድን ናት እያሉ ይጠይቋታል፣ እሷም የጠጠሩን፣ የበቅሎውን፣ የካቻቪቴውን ነገር ከሥሩ ጀምራ ታወራላቸዋለች።